ዝንጉርጉር ሙዝ ቀለሙን ይዞ ይዘልቃል? ከመግዛት እስከ ልጅ መለየት ዝርዝር መመሪያ

ነጭና አረንጓዴ የተቀላቀለበት የሙዝ ችግኝ ለሽያጭ ቀርቦ ያየ ሰው መጀመሪያ በዋጋው ይደነግጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። ይህ ቀለም ይዘልቃል? ወይስ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደማንኛውም ሙዝ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ ይላል?

ሻጩ "አይለወጥም፣ አታስቡ" ይላል። ተጠራጣሪው ደግሞ "ሁሉም ሽወዳ ነው፣ ይመለሳል" ይላል። ሁለቱም የተሳሳቱት ከአንድ ቦታ ነው። ሙዝ እንደ ጽጌረዳ ወይም እንደ ቡና አንድ ግንድ ይዞ ለዓመታት የሚኖር ተክል አይደለም። ግንዱ አንዴ ያፈራል፣ ከዚያ ይሞታል። የሚቀጥለው ከስሩ በሚወጡት ልጆች ነው። ስለዚህ የቀለሙ ዕድሜ የሚወሰነው በየትውልዱ የትኛውን ልጅ እንዳስቀራችሁ ነው። ይህ መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለዚህ ምርጫ ነው። ከዚያ በፊት ግን በእጃችሁ ያለው ምን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ።

1. ቀለሙ ከየት እንደመጣ ለዩ

ሙዝ ላይ የሚታይ ዝንጉርጉርነት ሁሉ ምንጩ አንድ አይደለም። ሦስት ነገሮች በአንድ ስም ይሸጣሉ።

አንደኛው ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ነው። "የደም ሙዝ" እየተባለ የሚሸጠው ዜብሪና የሚባለው የኢንዶኔዥያ የዱር ሙዝ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ቀይ ነጠብጣብ አለው። "ሳያም ሩቢ" የሚባለው ደግሞ ቅጠሉ በአብዛኛው ቀይ ሆኖ ሎሚ አረንጓዴ ጭረት ይታይበታል። የኛው እንሰት እንኳ "ማውሬሊ" በሚባል ቀይ ዓይነቱ በአውሮፓ ግቢዎች ለጌጥ ይተከላል። ቆጮ የሚፋቅበት ተክል በእንግሊዝ ግቢ መሐል እንደ አበባ ቆሞ ማየት ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። የዜብሪናና የማውሬሊ ቀይ ቀለም አንቶሲያኒን የሚባል ነገር ነው፤ ቀለሙን የማምረት ችሎታው በተክሉ ሁሉም ሴሎች ውስጥ አለ። ስለዚህ አይጠፋም፤ ይደበዝዛል እንጂ። ጥላ ውስጥ ሲቆይ ይደበዝዛል፣ ቅጠሉ ሲያረጅም ይደበዝዛል። በቂ ፀሐይ ስታሳዩት የሚቀጥለው ቅጠል ቀልቶ ይወጣል። ዜብሪና ዘር ስለሚሰጥ በዘር ጭምር ይተላለፋል። የእናንተ ሙዝ የዚህ ዓይነት ከሆነ ሥራችሁ ቀላል ነው፤ ብርሃን ስጡት፣ በቃ።

ሁለተኛው ነጭ ወይም ክሬም ጭረት ነው። በዓለም ላይ ስሙ የገነነው የሃዋዩ "አኤ አኤ" ነው። ሃዋያውያን ኮአኤ በምትባል ነጭ የባሕር ወፍ ስምም ይጠሩታል። ቅጠሉ፣ የቅጠሉ ዘንግ፣ ግንዱ፣ ፍሬው ሳይቀር ነጭና አረንጓዴ ነው። ነጩ ክሎሮፊል የሌለበት ሥጋ ነው። በአንድ ተክል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሴሎች አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ አረንጓዴ መሥራት ይችላል፣ ሌላው አይችልም። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ካይሜራ ይሉታል። "ይዘልቃል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ጋ ነው።

ሦስተኛው ሕመም ወይም ረሃብ ነው። እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በውድ ዋጋ በሽታ የገዛ ሰው አለ።

የካይሜራ ጭረት ከመሐለኛው ዘንግ ተነስቶ የቅጠሉን ደም ሥር ተከትሎ እስከ ጠርዝ ይሄዳል። ድንበሩ ጥርት ያለ ነው። ነጩ ነጭ ወይም ክሬም ነው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ነጭና አረንጓዴ ተደራርበው ግራጫ አረንጓዴ ይሰጣሉ። ከሁሉም በላይ ጭረቱ ቅጠሉ ላይ አያበቃም፤ ወደ ታች ወርዶ ግንዱ ላይ ይቀጥላል።

የቫይረስ ጭረት ግን የተቆራረጠ ነው። ቢጫ ይሆናል፣ እየዋለ ሲያድር ወደ ቡናማ ወይም ጥቁር ይለወጣል። "ስትሪክ ቫይረስ" የሚባለው የሙዝ በሽታ እንዲህ ያደርጋል። የኪያር ሞዛይክ ቫይረስም ሙዝን ይይዛል፤ ቅጠሉን ያዥጎረጉራል፣ አንዳንዴም ያጣምማል። ከሁሉ የከፋው "በንቺ ቶፕ" የሚባለው ነው። ሃዋይ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ምልክቱ በቅጠሉ ዘንግና በደም ሥሮቹ ላይ የሚታይ ጥቁር አረንጓዴ ነጥብና ሰረዝ ነው። አዳዲሶቹ ቅጠሎች ጠባብ ሆነው ቀጥ ብለው አናቱ ላይ ይታጨቃሉ። የሙዝ ክሽክሽ የሚባል ትንሽ ተባይ ከተክል ተክል ያዛምተዋል፣ መድኃኒት የለውም። እንዲህ ያለ ተክል ካያችሁ በነፃም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ።

የንጥረ ነገር እጥረት ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ብረት ሲያንስ አዲሱ ቅጠል በሙሉ ይገረጣል። ማግኒዥየም ሲያንስ የሚጀምረው ከአሮጌው ቅጠል ነው። ሁለቱም ማዳበሪያ ሲያገኙ ከአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ይጠፋሉ። "ዝንጉርጉር ነበረ፣ ስንከባከበው ተመለሰ" ከሚሉት ሰዎች የተወሰኑት የገዙት የተራበ ሙዝ ነው።

ግራ ሲገባችሁ አንድ ጥሩ መፈተኛ አለ። ሻጩ በአንድ ትሪ ላይ ብዙ ችግኝ ካለውና ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ ካላቸው ቀለሙ በሁሉም ሴሎች ውስጥ ያለ ነው ማለት ይቻላል። ካይሜራ ሁለት አንድ ዓይነት ችግኝ አይሰጥም። አንዱ ግማሽ ነጭ፣ ሌላው ባለ ቀጭን መስመር፣ ሦስተኛው ነጭ የሚባል ነገር የሌለበት ይሆናል።

2. ነጩ ለምን ቦታውን እንደሚቀያይር እወቁ

የሙዝ ግንድ የሚመስለው ነገር ግንድ አይደለም። እርስ በርሳቸው የተጠቀለሉ የቅጠል እግሮች ናቸው። እውነተኛው ግንድ አፈር ውስጥ ያለው ድቡልቡል አካል ነው፤ በእንሰት አምቾ የምንለው፣ በሙዝ ደግሞ ባለሙያዎች ኮርም የሚሉት። በእሱ አናት ላይ፣ በቅጠሎቹ እግር መሐል፣ የእድገት ጫፍ አለ። ቅጠል ሁሉ የሚወለደው ከዚያ ነው።

ያን ጫፍ ከላይ እንደታየ ድፎ ዳቦ አስቡት። ከዳቦው አንዱ ቁራሽ ነጭ ሴል ነው፣ የቀረው አረንጓዴ። በነጩ ቁራሽ ላይ የተወለደ ቅጠል ነጭ ይበዛበታል። ከዚያ ማዶ የተወለደው ንጹሕ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። የሙዝ ቅጠሎች ደግሞ እየዞሩ ስለሚወጡ አንዱ ቅጠል ነጩን በቀኝ፣ ቀጣዩ በግራ፣ ሌላው ጭራሽ ሳይዝ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር። ቁራሹ ሰፊና በአንድ ቦታ የተከማቸ ከሆነ አረንጓዴዎቹ ሴሎች ቀስ በቀስ ገፍተው ሊያስወጡት ይችላሉ። አረንጓዴው ምግብ ይሠራል፣ ነጩ ይበላል፤ ፉክክሩ እኩል አይደለም። ቁራሹ ሰፍቶ ዳቦውን ከወረሰው ደግሞ ተክሉ ንጹሕ ነጭ ይሆንና በረሃብ ይሞታል። ነጩ በብዙ ቀጫጭን ቁራሾች ተበትኖ ከሆነ ግን የመቆየት ዕድሉ ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ፎቶ ላይ የሚማርከው "ግማሽ ነጭ ግማሽ አረንጓዴ" ቅጠል ለእኔ ምርጫ የማይሆነው። ያምራል። ግን ሁለቱም የቅጠሉ ጎን ላይ ቀጫጭን ጭረት የተበተነበትን፣ ትንሽ ደብዘዝ ያለውን፣ በእጥፍ ዋጋ ብገዛ እመርጣለሁ።

3. ስትገዙ ቅጠሉን ሳይሆን ግንዱን ተመልከቱ

ቅጠል ያለፈ ታሪክ ነው። ዛሬ የተዘረጋው ቅጠል የተወለደው ከሳምንታት በፊት ነው። አሁን ጫፉ ላይ ያለውን የሚነግራችሁ ከመሐል ተጠቅልሎ እየወጣ ያለው አዲስ ቅጠልና የግንዱ የውስጠኛው ክፍል ነው።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ግንዱን ዙሪያውን አሽከርክራችሁ እዩ። ነጭ መስመር በስንት ቦታ አለ? ከአንድ ጎን ብቻ ነው ወይስ ዙሪያውን? ቀጥሎ ወደ ላይ ሄዳችሁ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወይም አራት ቅጠሎች እግር እዩ። የታችኞቹ ጭረት ይዘው የላይኞቹ ከሌላቸው ተክሉ ወደ አረንጓዴ እየሄደ ነው። ተገላቢጦሹ ከሆነ ደግሞ ነጩ እየበዛ ነው። ተጠቅልሎ የሚወጣው ቅጠል ላይ ጭረቱ ሳይዘረጋም ይታያል።

በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ ሦስት ፎቶ ጠይቁ፦ የግንዱን ሁለት ጎን እና ገና ያልተዘረጋውን ቅጠል። ከተቻለ ደግሞ የእናቱን። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። የአንድ ቆንጆ ቅጠል ፎቶ ብቻ የሚልክ ሻጭ ላይ ገንዘብ አታውጡ።

"የዝንጉርጉር ሙዝ ዘር" የሚሸጥ ካያችሁ ሽወዳ ነው። አኤ አኤ እንደ አብዛኛው የሚበላ ሙዝ ዘር የለውም። ቢኖረውም እንኳ ካይሜራ በዘር አይተላለፍም፤ ዘሩ የሚሠራው ከሁለቱ ሴሎች ከአንዱ ብቻ ስለሆነ ቅይጡ እዚያው ይፈርሳል። ሰማያዊና ባለ ቀስተ ደመና የሙዝ ዘር የሚሉትማ ጭራሽ አይወራም።

በኬሚካል የመጣ ቀለምም አለ። "ፒንክ ኮንጎ" በሚል ስም የተሸጠው የቤት ውስጥ ፊሎደንድሮን የዚህ ምሳሌ ነው። ሮዝ ቅጠሎቹ ወራት ሲቆዩ አረንጓዴ ሆኑ፣ ገዢውም ጉድ ሆነ። በሙዝ ላይ ድንገት ከአንድ ቅጠል ጀምሮ የመጣና ግንዱ ላይ ምንም ምልክት የሌለው ቀለም ካያችሁ ይህን አስታውሱ።

አገር ቤት ይዛችሁ ለመግባት ለምታስቡ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሙዝ ችግኝ ሻንጣ ውስጥ ደብቆ ማስገባት ቀልድ አይደለም። የማስገቢያ ፈቃድና ከመጣበት አገር የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት ላይ ተደግፎ የሚኖርበት አገር ነው፤ የሙዝ በሽታ ደግሞ እንሰትን አይምርም። እንሰት አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ሁለቱንም ያጠቃል።

4. ስታሳድጉት ነጩን ጠብቁ፣ አረንጓዴውን መግቡ

ብርሃንም ሆነ ማዳበሪያ ነጭ ጭረት አይፈጥርም። ይህን አንዴ ካመናችሁ ብዙ ገንዘብ ትቆጥባላችሁ። እንክብካቤ የሚያደርገው ነገር ያለውን ነጭ እንዳይቃጠል፣ ተክሉም እንዳይራብ ማድረግ ነው።

ፀሐይ፦ ቀይ ቀለም ላለው ሙሉ ፀሐይ ጥሩ ነው። ለነጩ ግን የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ ይሻላል። ነጩ ሥጋ በቀትር ፀሐይ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ጥላው ከበዛ ደግሞ አረንጓዴው ክፍል በቂ ምግብ አይሠራም፣ ተክሉም ባለበት ይቆማል። ሠላሳ በመቶ ገደማ ብርሃን የሚከለክል የጥላ መረብ ለብዙ ቦታ ይበቃል።

ሙቀት፦ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወዳል። ከ15 በታች ሲሆን እድገቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ስለዚህ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አርባ ምንጭ ለሙዝ ቤቱ ናት፣ ሐዋሳም ትስማማዋለች። አዲስ አበባ ላይ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይጎዳዋል። በፖት ተክላችሁ ማታ ቤት ውስጥ ማስገባት ወይም በላስቲክ ቤት መያዝ ግድ ነው። ዋሽንግተንና ስቶክሆልም ያላችሁም እንደዚያው፣ የብርዱን ወራት መስኮት ዳር።

ውኃና ማዳበሪያ፦ አፈሩ ውኃ የማይቋጥር ይሁን። የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አሸዋና አፈር ተደባልቆ ይሠራል። ማዳበሪያ በትንሹና ቶሎ ቶሎ ስጡ፤ አንዴ ብዙ ከጨመራችሁ ጨው ይጠራቀምና መጀመሪያ የሚቃጠለው የነጩ ጠርዝ ነው። ሙዝ ፖታሲየም ይወዳል። ዩሪያ ብቻውን ማፍሰስ ግን አልመክርም፤ አረንጓዴውን ክፍልና አረንጓዴዎቹን ልጆች ያፈጥንላችኋል።

የነጩ ጠርዝ ትንሽ ትንሽ ቢደርቅ አትደንግጡ። አሮጌ ነጭ ሥጋ ዕድሜው አጭር ነው። የደረቀውን በመቀስ ከርክሙት፤ አረንጓዴ ያለበትን ቅጠል ግን "አላማረኝም" ብላችሁ አትቁረጡ፣ ተክሉን የሚያበላው እሱ ነው።

5. ቅጠል በቅጠል መዝግቡ

በሞቃት ቦታ ጤነኛ ሙዝ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን አንድ ቅጠል ያወጣል። ተክሉ ከአንድ ጎን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ፎቶ ይነሣ። ፖቱ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ፤ አለዚያ የትኛው ጎን የትኛው እንደነበር ትረሳላችሁ።

አንድ ንጹሕ አረንጓዴ ቅጠል መውጣቱ "ተመለሰ" ማለት አይደለም። ቅጠሉ ከዳቦው ማዶ የተወለደ ሊሆን ይችላል። አራት ወይም አምስት ቅጠል ተከታትሎ አረንጓዴ ከወጣና የአዲሶቹ ቅጠሎች እግር ላይ ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር ካጣችሁ፣ ያኔ የእድገት ጫፉ ነጩን ጥሏል ብላችሁ ደምድሙ። አራት ወይም አምስት ቅጠል ተከታትሎ ከሞላ ጎደል ነጭ ከሆነም እኩል አደገኛ ነው።

6. ልጅ መምረጥ

የሙዝ ገበሬ በአንድ ጉድጓድ ላይ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አስቀርቶ የቀረውን ያስወግዳል። ይህ ሥርዓት ለዝንጉርጉር ሙዝም ይሠራል። ልዩነቱ ገበሬው የሚመርጠው በልጁ ጉልበት ነው፣ እናንተ የምትመርጡት በጭረት ነው። ጉልበትን ተከትላችሁ ከመረጣችሁ ሁሌም አረንጓዴውን ትመርጣላችሁ። እሱ ነው ፈጥኖ የሚያድገው።

ልጅ የሚወጣው ከኮርሙ ጎን ካለ እንቡጥ ነው። እንቡጡ በነጩ ክፍል ላይ ከሆነ ንጹሕ ነጭ፣ በአረንጓዴው ላይ ከሆነ አረንጓዴ፣ ድንበሩ ላይ ከሆነ ቅይጥ ይወጣል። ስለዚህ እናቱ የቱንም ያህል ብታምር ልጆቿ ሦስት ዓይነት ይሆናሉ። ግንዱ ላይ ጭረቱ የበዛው በየት ጎን እንደሆነ ካወቃችሁ ከዚያ አቅጣጫ የሚወጡትን ልጆች በተለየ ዓይን ጠብቁ።

ቸኩላችሁ አትፍረዱ። መጀመሪያ የሚወጡት ቅጠሎች ሰይፍ የሚመስሉ ጠባቦች ናቸው፤ ቀለማቸውን ለመለየት ያስቸግራል። ቢያንስ ሦስት ሰፋ ያለ ቅጠል እስኪያወጣ ጠብቁ። ከዚያ እንዲህ እወስናለሁ፦

- ንጹሕ ነጭ ከሆነ ከእናቱ አይለይ። ከእናቱ እስከተያያዘ ድረስ የእሷን ምግብ እየበላ ይኖራል። ለብቻው ከተተከለ ግን ይሞታል። ለዓይን ካማረ ተዉት፣ እናቱ ከደከመች አስወግዱት። ነጭ ልጅ ለብቻው ነቅሎ የሚሸጥላችሁ ሰው የሚሸጠው የአንድ ወር ፎቶ ነው።
- ጭረቱ በሁለቱም ጎን የተበተነ፣ አረንጓዴው ከግማሽ በላይ የሆነ ልጅ ተተኪያችሁ ነው።
- አረንጓዴ ሆኖ ግንዱ ላይ አንድ ቀጭን ነጭ ክር የያዘ ልጅ አይናቅ። ለብቻው በፖት አስቀምጡት። ከእሱ ልጆች መሐል ቆንጆ ሊወጣ ይችላል።
- ግንዱ ላይ ምንም የሌለበትን አረንጓዴ በጊዜ አስወግዱ። ከላይ መቁረጥ ብቻ አይበቃም፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። ግንዱን ከአፈር እኩል ቆርጣችሁ በመሐሉ በሹል ብረት ወይም በትንሽ ቢላ የእድገት ጫፉን ቆፍራችሁ አውጡ።

እናቱ በጣም ነጭ ከሆነች አንድ አረንጓዴ ልጅ ለጊዜው መተው እናቱን ያግዛታል የሚሉ አሉ፤ በኮርሙ በኩል ተያይዘው ስለሚኖሩ ነገሩ ያስኬዳል። ግን አረንጓዴው ከእናቱ ቁመት ግማሽ ሳይደርስ መቁረጥን አትርሱ።

አሁን መለየት። ልጁ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ እስኪደርስ፣ ሦስት ወይም አራት ሰፊ ቅጠል እስኪይዝ ተዉት። ለተራ ሙዝ ከዚያ ባነሰ ይለያል፤ ዝንጉርጉሩ ግን ምግብ የሚሠራበት ሥጋ ስለሚጎድለው ትንሽ ስንቅ ይፈልጋል።

ከአንድ ቀን በፊት ውኃ አጠጡ። ቢላዋውን ወይም ሹል አካፋውን በበረኪና ውኃ አጽዱ፣ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱም ደግማችሁ አጽዱ። በእናትና በልጅ መካከል ያለውን አፈር በእጅ ጥረጉና የተያያዙበትን አንገት ፈልጉ። በአንድ ምት ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ቁረጡ። ልጁ የራሱ የኮርም ቁራጭና ጥቂት ሥር ይዞ መውጣት አለበት። ሥር ከሌለው ተስፋ አትቁረጡ፣ ግን ሥራው ይረዝማል።

ቁስሉ ላይ አመድ ነስንሱና ጥላ ውስጥ ለአንድ ቀን ይድረቅ። ከዚያ ጠበብ ባለ ፖት ትከሉ፤ ሰፊ ፖት ውኃ ይቋጥርና ኮርሙን ያበሰብሰዋል። ብዙ ጊዜ "ስትተክሉ ቅጠሉን በግማሽ ቁረጡ" ይባላል። ለተራ ሙዝ ልክ ነው። እዚህ ግን የምትቆርጡት የነጩን ክፍል ብቻ ይሁን፣ አረንጓዴውን ተዉ። አንዴ ውኃ አጠጥታችሁ አፈሩ ከላይ እስኪደርቅ ጠብቁ። አዲስ ቅጠል ሲያንቀሳቅስ ሥር ይዟል ማለት ነው፤ እስከዚያ ማዳበሪያ አያስፈልገውም።

አንድ ልጅ ከለያችሁ በኋላ ቀጣዩን ለራሳችሁ አስቀሩ እንጂ አትሽጡ። ለክፉም ለደጉም ሁለት ተክል በሁለት የተለያየ ቦታ ይኑር።

7. ወደ አረንጓዴ ከተመለሰ

ሌላ ዝንጉርጉር ተክል ሲመለስ ቅርንጫፉን እስከ ቀለም ያለበት ድረስ ወደ ኋላ ትቆርጡታላችሁ። በሙዝ ይህ አይሠራም። ግንዱን ብትቆርጡት ያው የእድገት ጫፍ ያንኑ አረንጓዴ ቅጠል ይዞ ይመጣል፤ ጫፉ ታች አፈር አጠገብ ነውና አልነካችሁትም።

የሚሠራው ጫፉን ራሱን መግደል ነው። ኮርሙ ላይ ያሉት የቆዩ እንቡጦች የተፈጠሩት ተክሉ ገና ጭረት በነበረው ጊዜ ሊሆን ይችላል። አለቃቸው ሲሞት ይነቃሉ። ከግንዱ ሥር አካባቢ በጎን ትንሽ መስኮት ክፈቱ፣ በመስኮቱ ገብታችሁ መሐሉን በጠባብ ቢላ ቆፍራችሁ አጥፉ። ቅጠሎቹን አትቁረጡ፤ ለተወሰነ ጊዜ ኮርሙን ይመግባሉ። በኮርሙ ዙሪያ ኮምፖስት ከምሩ። ከሳምንታት በኋላ ልጆች መውጣት ሲጀምሩ ከላይ ባለው መንገድ ምረጡ።

ይህ ዋስትና የለውም። ተክሉ ከተመለሰ ብዙ ጊዜ አልፎ ከሆነ የቆዩት እንቡጦች ወጥተው አልቀዋል፣ የሚገኘው ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። ለዚህ ነው መመዝገቡ የሚጠቅመው፤ በአምስተኛው አረንጓዴ ቅጠል ላይ የነቃ ሰው ዕድል አለው። አበባ ካወጣ በኋላ ግን ጫፉ አዲስ ቅጠል አይሠራምና ትኩረታችሁን ወደ ልጆቹ አዙሩ።

8. ዝንጉርጉር እንሰት ካጋጠማችሁ

እንሰት ውስጥም አልፎ አልፎ ነጭ ጭረት ያለው ይወጣል። ጓሯችሁ ውስጥ ካገኛችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። እንሰት በራሱ ልጅ አያወጣም። ገበሬው የሚያባዛው አምቾውን አውጥቶ፣ መሐሉን ፈልፍሎ፣ በፍግ ቀብሮ ነው፤ ያኔ በቁስሉ ዙሪያ ብዙ ቡቃያ ይፈላል። ለተራ እንሰት ድንቅ ዘዴ ነው። ለካይሜራ ግን እነዚህ ቡቃያዎች ከጥቂት ሴሎች አዲስ ስለሚጀምሩ ቅይጡን ይዘው የመውጣት ዕድላቸው ትንሽ ነው። አብዛኛው አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ተክሉን እንዳለ አሳድጉት፣ ዓመታት ይኖራል። ማባዛት ካማራችሁ ከቡቃያዎቹ መሐል አንድ ሁለት ቅይጥ ለማግኘት ብላችሁ እናቱን እንደምትሰዉ አውቃችሁ ግቡበት።

ከትንሽ የተክል ቁራጭ በብልቃጥ ውስጥ ችግኝ የሚያባዛው የቲሹ ካልቸር ቤተ ሙከራም እዚሁ ላይ ይሰናከላል። ከበሽታ የጸዳና አንድ ወጥ የሆነ ችግኝ በሺዎች ማውጣት ለሙዝ እርሻ ትልቅ ነገር ነው። አኤ አኤ ግን በብልቃጥ ውስጥ ሲባዛ ጭረቱን የመጣል ልማድ አለው። ዋጋው ለረጅም ጊዜ ጣሪያ የነካው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚባዛው አንድ በአንድ፣ ከእናቱ ሥር ነው። "የቲሹ ካልቸር አኤ አኤ" ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ወደ ደረጃ 3 ተመልሳችሁ የግንዱን ፎቶ ጠይቁ።

9. እናቱ ስታብብ

ሙዝ አበባ ከማውጣቱ በፊት እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከ30 እስከ 50 ቅጠል ያወጣል። በሙቀት አገር ዓመት ገደማ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ከዚያ በላይ ይወስዳል። አበባ ከመምጣቱ በፊት ተተኪው ልጅ ተመርጦ ማለቅ አለበት። ግማሽ ቁመት የደረሰ አንድ ጥሩ ልጅ ከእናቱ ጋር ተያይዞ ይቆይ፣ ሌላ አንድ ደግሞ ተለይቶ በፖት ይኑር።

የአኤ አኤ ዘለላም ነጭና አረንጓዴ ጭረት ይኖረዋል። የፍሬው ነጭ ልጣጭ በፀሐይ ስለሚቃጠል ዘለላውን በደረቅ የሙዝ ቅጠል ወይም በስስ ጨርቅ ሸፍኑት። ሲበስል ልጣጩ ቢጫ ይሆንና ጭረቱ ይደበዝዛል። ጥሬውን ቀቅሎ ወይም ጠብሶ መብላት ይቻላል።

ፍሬው ከተነሣ በኋላ እናቱን በአንዴ አትገንድሷት። ቅጠሎቿን አንስታችሁ ግንዱን ለጥቂት ሳምንታት ተዉት፤ ውስጡ የቀረው ውኃና ምግብ ወደ ልጁ ይወርዳል። ግንዱ ሲሟሽሽ ከአፈር እኩል ቁረጡና ከትፋችሁ እዚያው ሥሩ ላይ አልብሱት።